ክፍሉ ሞልቶ መደቡ የጠፋበት ሥራ፦ ከሐዋሳ ለቀረበ ጥያቄ የተሰጡ ምላሾች

መነሻ ጽሑፍ

ጥያቄዬን በኢንተርኔቱ የውይይት መድረክ ላይ ያቀረብሁት በነሐሴ መጀመሪያ፣ የሌሊት ፈረቃ አድሬ አቶቴ ወዳለው የኪራይ ቤቴ በተመለስሁበት ጠዋት ነው። በ2014 ዓ.ም. በኬሚስትሪ የመጀመሪያ ዲግሪ ተመርቄአለሁ፤ ከዚያ ወዲህ ያሉትን ሦስት ዓመታት በአንድ የልብስ ስፌት ፋብሪካ የጥራት ተቆጣጣሪ ሆኜ አሳልፌአለሁ። ሥራዬ ከስፌት መሥመሩ የሚወጣውን ሸሚዝ እየገለበጥሁ አንገትጌውን፣ የእጅጌውን መጋጠሚያና የቁልፉን ቀዳዳ መመልከት፣ የተረፈ ክር መቁረጥ፣ የተጣመመውን ቀይ ምልክት ለጥፌ ወደ ሰፊዋ መመለስ ነው። የጻፍሁት ሥራውን ለማማረር አልነበረም፤ ደመወዙ ቀኑን ጠብቆ ይገባል፣ ሰርቪስ አለ፣ ምሳም አለ። ችግሩ በፈረቃው ስምንት ሰዓት ውስጥ ከማውቀው ነገር አንዱም የማይፈለግ መሆኑ ነው። የተማርሁት ቀስ በቀስ ከራሴ እየወጣ እንደሆነ ይታወቀኛል፤ ባለፈው ወር የሽግግር ብረቶችን በተራ ለመጥራት ሞክሬ ከቫናዲየም በኋላ ቆምሁ።

የምፈልገው ማስተማር ነው። በሦስቱ ዓመታት አራት ጊዜ ለመንግሥት መደብ ተመዝግቤ ስሜ አልወጣም፤ ለአሥራ አንድ የግል ትምህርት ቤቶች ማመልከቻ አስገብቼ የጠሩኝ ሁለቱ ብቻ ናቸው፤ አንዱ የሁለት ዓመት ልምድ ጠየቀኝ፣ ሌላው አሁን ከማገኘው ግማሽ ያህሉን አቀረበልኝ። ስለዚህ የጠየቅሁት ፋብሪካውን ለቅቄ በግማሽ ደመወዝ ወደ ክፍል ልግባ፣ የመንግሥት መደብ እስኪወጣ ልጠብቅ፣ ወይስ በራሴ ወጪ ፒጂዲቲ (ከዲግሪ በኋላ የሚወሰደውን የማስተማር ዲፕሎማ) ልማር የሚለውን ነው። ምላሾቹ አርባን ካለፉ በኋላ አዲስ የሚመጡ አንባቢዎች ከላይ የተባለውን እየደገሙ ስላስቸገሩ፣ የተባለውን በየቁጥሩ አሳጥሬ እንድተርክ አወያዩ ጠይቆኛል። የማንንም ቃል እንዳለ አልገለብጥም፤ ያደላሁበት ቦታ ካለም ማድላቴን እናገራለሁ።

ከ1ኛ እስከ 11ኛ

1ኛው ምላሽ አጭርና ቸር ነበር፤ እግዚአብሔር መንገዱን እንዲያቃናልኝ ከተመኘልኝ በኋላ በእጄ ምን ምን ማስረጃ እንዳለ ጠየቀኝ። ይህች ጥያቄ ኋላ ብዙ መዘዝ አመጣች፤ ያን ጊዜ ግን ማንም አላተኮረባትም፣ እኔም አልመለስሁላትም።

2ኛው ሐሳቤን እንድተው መከረኝ። በአንድ የገጠር ወረዳ አምስት ዓመት አስተምሮ አሁን አዳማ ላይ ባጃጅ የሚነዳ ሰው ነው፤ ትምህርት ቤቱን የለቀቀው ልጆቹን ጠልቶ ሳይሆን፣ ከደመወዙ ላይ የቤት ኪራይና የብድርና ቁጠባ ተቆርጦ የሚቀረው እስከ ወሩ አጋማሽ እንኳ ስለማያደርሰው መሆኑን ጻፈ። 3ኛው ደግሞ ሥራ ፈላጊ መሆኑን ነገረኝና ፋብሪካውን በምለቅበት ቀን እንዳሳውቀው ጠየቀኝ። ቀልድ መስሎኝ ነበር፤ ስልክ ቁጥሩን በግል መልእክት ሲልክልኝ ግን እንዳልቀለደ ገባኝ።

ነገሩን ወደ ፍሬው ያመጣችው 4ኛዋ ናት። በከተማችን በመንግሥት ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ባዮሎጂ የምታስተምር መምህርት ስትሆን፣ የሁላችንንም አነጋገር የሚያበላሸው የመምህር እጥረትንና ክፍት መደብን እንደ አንድ ነገር መቁጠራችን መሆኑን አስረዳች። ለሁለተኛ ደረጃ የተቀመጠው መለኪያ በአንድ ክፍል 40 ተማሪ ነው፤ እርሷ ከምታስተምራቸው ክፍሎች ትንሹ 63 ተማሪ አለው። በመለኪያው ቢኬድ ትምህርት ቤቷ ተጨማሪ መምህራን ያስፈልጉታል፤ ርእሰ መምህሩም ይህንኑ በየዓመቱ ጽፎ ይልካል። ነገር ግን ቅጥር የሚፈጸመው ተማሪ ስለበዛ ሳይሆን በጀት የተያዘለት መደብ ሲኖር ነው። በጀት ካልተያዘ ክፍለ ጊዜው ላሉት መምህራን ይከፋፈላል፣ ሦስት ልጆች ሊቀመጡበት የተሠራው ዴስክ አራት ይይዛል፣ ትምህርቱም በመስከረም ይጀመራል፤ ከውጭ ለሚያይ ሰው አንድም የጎደለ ነገር የለም። እኔ ከሌሎች ተመራቂዎች ጋር ተወዳድሬ የተሸነፍሁ ይመስለኝ ነበር፤ በእርሷ አስተያየት ግን የእኔ ጉዳይ ብዙውን ጊዜ የሚያልቀው ውድድሩ ሳይጀመር፣ በጀቱ በሚደለደልበት ጠረጴዛ ላይ ነው። ከዚህ የውይይት ክር አንድ ምላሽ ብቻ ለማንበብ ጊዜ ያለው ሰው ቢኖር ወደዚህኛው ነው የምልከው።

5ኛው ጉዳዩን ከሥርዓተ ትምህርቱ ለውጥ ጋር አያያዘው። ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ በተተገበረው አዲሱ ሥርዓተ ትምህርት የ7ኛና የ8ኛ ክፍል ፊዚክስ፣ ኬሚስትሪና ባዮሎጂ ለየብቻ መሰጠታቸው ቀርቶ ጠቅላላ ሳይንስ በሚል አንድ ትምህርት ተጠቃለዋል፤ ቀድሞ ሦስት መምህራን ይፈራረቁበት የነበረው ክፍል አሁን በአንድ ሊሸፈን ይችላል ማለት ነው። 6ኛው በጨዋ ቋንቋ አረመው፤ ከ9ኛ እስከ 12ኛ ክፍል ኬሚስትሪ ራሱን ችሎ እንደሚሰጥና እኔም በዲግሪዬ የምወዳደረው ለዚያ እርከን በመሆኑ ለውጡ እኔን እንደማይነካ ጻፈ። 5ኛው በ9ኛው ምላሽ ተመልሶ የመጣው ቆጣ ብሎ ነው። በመካከለኛው ደረጃ ክፍለ ጊዜ የቀነሰባቸው ባለ ዲግሪ መምህራን ወደ 9ኛ ክፍል ለመዛወር ሲጠይቁ ከአዲስ ተመራቂ ቀድመው እንደሚስተናገዱ፣ ወንዙን ከላይ የገደበ ሰው ከታች ያለው መስኖ አይነካም ሊል እንደማይችል ተናገረ። በዚህ ነገር እኔ ለ5ኛው አደላለሁ፤ አራቱንም ጊዜ ከምዝገባው በፊት የውስጥ ዝውውር እስኪያልቅ እንድንጠብቅ ተነግሮን ነበርና።

በመሐሉ 7ኛው፣ ያለ ፒጂዲቲ መመዝገቤ ራሱ ከንቱ ድካም እንደነበር ገልጾ፣ ሥልጠናው ከ1990ዎቹ መጀመሪያ ጀምሮ የነበረ መሆኑን አከለ። 8ኛው ዓመቱን አስተካከለና ብዙዎቻችን የማናውቀውን ታሪክ አብሮ ነገረን። ቀድሞ ለሁለተኛ ደረጃ መምህርነት የሚሰለጥን ሰው የትምህርቱን ይዘትና የማስተማር ሥነ ዘዴውን አጣምሮ ተምሮ ነበር የሚመረቀው፤ በ1990ዎቹ አጋማሽ የመምህራን ትምህርት ሥርዓት ሲከለስም ሁለቱ አልተለያዩም። መጀመሪያ በትምህርት ዓይነቱ ዲግሪ፣ ቀጥሎ የድኅረ ምረቃ የማስተማር ዲፕሎማ የሚለው ባለ ሁለት እርከን መንገድ የተዘረጋው በ2004 ዓ.ም. ነው። ሐሳቡ ይዘቱን ጠንቅቆ የሚያውቅ መምህር ለማፍራት እንደነበር 8ኛው አልካደም፤ ነገር ግን ዲግሪውን ይዞ ሁለተኛውን እርከን ያላገኘ ሰው መምህርም ሌላም ሳይሆን በመካከል ቆሞ እንደሚቀር ጻፈ። ይህን ሳነብ ፎቶግራፌን ያየሁ መሰለኝ።

10ኛው የመውጫ ፈተና ሳልወስድ ማንም እንደማይቀጥረኝ በእርግጠኛነት ነገረኝ። 11ኛው ደግሞ 10ኛውን ጥያቄውን ሳያነብ የሚመልስ ሰው ብሎ ወቀሰው፤ የመውጫ ፈተናው መሰጠት የጀመረው በ2015 ዓ.ም. ሐምሌ በመሆኑና እኔም የተመረቅሁት ከዚያ በፊት በመሆኑ ጉዳዩ እኔን እንደማይመለከት አስረዳ። እውነቱ ከ11ኛው ጋር ነው፤ አነጋገሩ ግን ከሚገባው በላይ የከረረ ነበር፤ 10ኛው ከዚያ ወዲህ አልተመለሰም።

ከ12ኛ እስከ 22ኛ

12ኛው ጡረታ የወጡ መምህር ናቸው። በ1975 ዓ.ም. ከአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ሲመረቁ ሥራ የፈለጉ እርሳቸው ሳይሆኑ ሥራው እርሳቸውን ፈልጎ እንደነበር፣ ዕጣ ወጥቶላቸው ወደ ያኔው ሲዳሞ ክፍለ ሀገር እንደ መጡ፣ የመጀመሪያ ደመወዛቸውም እንደ ማንኛውም የዘመኑ ባለ ዲግሪ 500 ብር እንደነበር ተረኩ። ሐዋሳ ያን ጊዜ ከሐይቁ እስከ ፒያሳ በእግር ተሂዶ የምታልቅ ከተማ ነበረች ብለው ስለ አሞራ ገደል ዓሣ አጥማጆችም ጨመሩ፤ ይህኛው ከጉዳያችን የራቀ ቢሆንም ደስ ብሎኝ ነው ያነበብሁት። 13ኛው አመሰገናቸው። 14ኛው ግን በ500 ብር ቤት ይሠራበት የነበረውን ዘመን እያነሡ የዛሬን ወጣት ማስተማር ቁስል ላይ ጨው መነስነስ መሆኑን ጽፎ፣ አባባሉን «ዘመኑ ለእናንተ፣ ዕዳው ለእኛ» በሚል ዐይነት መንፈስ አሳረገው። 15ኛው ይቅርታ እንዲጠይቅ አሳሰበው፤ 16ኛው ለአባት የሚነገር ቃል አይደለም ሲል ተቆጣ፤ ለጥቂት ሰዓታት ክሩ ስለ ሥራ መሆኑ ቀርቶ ስለ አስተዳደግ ሆነ።

መምህሩ በ19ኛው ምላሽ የተመለሱት ግን ሳይቀየሙ ነው። የትናንቱን ለማድነቅ እንዳልጻፉት፣ እርሳቸው ራሳቸው ሕግ ለመማር ተመኝተው በምደባ ወደ መምህርነት እንደ ገቡ፣ ከእርሳቸው ጋር ዕጣ ካወጡት መካከል ሙያውን መርጦ የገባ አንድም ሰው እንደማያስታውሱ ገለጡ። ሳይመርጡት የተሰጣቸው ሰዎች ሠላሳ ዓመት ሲያስተምሩ ኖረው፣ መርጦ የመጣው ልጅ ደጅ መቆሙ ነበር ሊሉት የፈለጉት። 14ኛው ከዚህ በኋላ ይቅርታ ጠየቀ፤ ያውም በደንብ።

ወደ ማስረጃው ነገር የመለሰን 17ኛው ነው። የ1ኛውን ጥያቄ ጠቅሶ ዋናውን ዲግሪዬንና ኦፊሻል ትራንስክሪፕቴን መያዜን ጠየቀኝ። በ18ኛው ምላሽ እውነቱን ተናገርሁ፤ በእጄ ያለው ጊዜያዊ የምስክር ወረቀትና የተማሪ ቅጂ ብቻ ነው፣ የወጪ መጋራት ዕዳዬን ስላልጨረስሁ ዋናው አልተሰጠኝም። 20ኛው አሠራሩን ሲያብራራ፣ የወጪ መጋራት ሥርዓቱ ተመራቂው ከወር ገቢው ቢያንስ አሥር በመቶ እየተቆረጠ እንዲከፍል እንደሚያደርግ፣ እንደ መምህርነት ባሉ ለሕዝብ አገልግሎት በተመረጡ ሙያዎች የሚሰማራ ሰው ግን በገንዘብ ፋንታ በአገልግሎት ዘመን ሊከፍል የሚችልበት መንገድ እንዳለ አመለከተ። ደስ ብሎኝ ነበር፤ ደስታዬ እስከ 21ኛው ብቻ ቆየ። በአገልግሎት ለመክፈል አስቀድሞ መቀጠር ያስፈልጋል፣ በቋሚነት ለመቀጠር ዋናው ማስረጃ ይጠየቃል፣ ዋናውን ለማግኘት ደግሞ ዕዳው መዘጋት አለበት። ክቡ ሲዘጋ ያየሁት ያን ጊዜ ነው። ሦስት ዓመት ሙሉ ስሜ ለምን አልወጣም ስል ከርሜ፣ ከአራቱ ምዝገባዎች ቢያንስ ሁለቱ ላይ «ዋናው ይቀርባል» ብዬ በእጄ የፈረምሁት መስመር ትዝ አለኝ።

22ኛዋ የባንክ ሠራተኛ ናት፤ እርሷ ዕዳዋን በእቁብ ዕጣ ባንድ ጊዜ ከፍላ ወረቀቷን በሳምንት ውስጥ እንዳወጣች ነግራኝ፣ ፋብሪካው ቀኑን ጠብቆ የሚከፍለኝ ከሆነ ከመልቀቄ በፊት ልጠቀምበት የሚገባው ለዚህ መሆኑን መከረችኝ። እኅቴ ብትሆን ከዚህ የተሻለ ነገር አትለኝም። በማግሥቱ ከመሥመራችን ሴቶች ጋር እቁብ ገባሁ፤ ዕጣው መቼ እንደሚወጣልኝ ግን አላውቅም።

ከ23ኛ እስከ 35ኛ

23ኛው ሐዋሳን ብቻ መመልከቴን ነቀፈ። ቀድሞ የደቡብ ክልል መሥሪያ ቤቶች ሁሉ እዚህ ስለነበሩ፣ አንድ ሰው ከቤቱ ሳይርቅ ከኦሞ እስከ ጉራጌ ድረስ ያለውን ማስታወቂያ ማንበብ ይችል ነበር። ሲዳማ ከ2012 ዓ.ም. ሕዝበ ውሳኔ በኋላ ክልል ሆነ፣ ደቡብ ምዕራብ በ2014 ዓ.ም. ተከተለ፣ የቀረው ደግሞ በ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ደቡብ ኢትዮጵያና ማዕከላዊ ኢትዮጵያ ተብሎ ተከፈለ፤ ስለዚህ ቀድሞ በአንድ ሰሌዳ ላይ ይወጣ የነበረው ማስታወቂያ ዛሬ በአራት ክልሎች ተበትኗል። ምክሩ ጠቃሚ ነው። 24ኛው ግን ምጸት በተቀላቀለበት ቋንቋ፣ በ2016 ዓ.ም. በወላይታና በሀዲያ አንዳንድ አካባቢዎች መምህራን የወራት ደመወዝ ሳይከፈላቸው ቀርቶ ሥራ እስከ ማቆም የደረሱበትን ጊዜ አስታውሶ፣ ደመወዝ የሚከፈለውን ሥራ ለቅቄ ደመወዝ ወደሚጠበቅበት ሥራ እንድሄድ መመከሬ እንደሚያስገርመው ጻፈ። 23ኛው መልስ አልሰጠውም፤ እኔም መልስ የለኝም።

25ኛው በሲዳማ የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርት በአብዛኛው በሲዳሙ አፎ ስለሚሰጥ ቋንቋውን የማይችል ሰው ለታችኛው እርከን ሊወዳደር እንደማይችል አነሣ። 26ኛውን አወያዩ ስላጠፋው አልደግመውም፤ ሰዎችን በማንነታቸው የሚዘልፍ ነበርና መጥፋቱ ትክክል ነው። 27ኛው የቋንቋው ተናጋሪ ነው፤ ከጠፋው ምላሽ በኋላ እንዲህ ረጋ ብሎ መጻፉን አደነቅሁለት። ልጅ በአፍ መፍቻ ቋንቋው መማሩ ከ1986ቱ የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ ጀምሮ የታወቀ ጉዳይ እንደሆነ፣ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት በእንግሊዝኛ ስለሚሰጥ ለኬሚስትሪ መደብ ይህ እንቅፋት እንደማይሆን፣ ሆኖም ተማሪው ግራ ሲገባው በገዛ ቋንቋው አንድ ዓረፍተ ነገር የሚነግረው መምህር ከማይነግረው እንደሚሻል ገልጾ፣ ፈቃደኛ ከሆንሁ እሑድ እሑድ ሊያስተምረኝ ቃል ገባ። በዚህ ከተማ ሦስት ዓመት ኖሬ ከሰላምታ ያለፈ ሲዳሙ አፎ አለማወቄ አሳፈረኝ፤ ግብዣውን ተቀብያለሁ።

28ኛው መደብ መጠበቁን ትቼ በማስጠናት እንድጀምር ሐሳብ አቀረበ። የ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና ውጤት ሲወጣ ከ896,520 ተፈታኞች ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት 29,909 ብቻ መሆናቸው ከታወቀ ወዲህ፣ አቅም ያለው ወላጅ ሁሉ አስጠኚ መፈለግ መጀመሩን ጠቀሰ። 29ኛው በዚሁ ሥራ በታቦር አካባቢ ሦስት ቤት እየዞረ የቤት ኪራዩን እንደሚሸፍን መሰከረ። 30ኛዋ ግን በሁለቱም ላይ ጠንከር ያለ ቃል ተናገረች፤ የብዙኃን ውድቀት ለጥቂቶች ገበያ ሲሆን ደስ ሊለን እንደማይገባ፣ ከመቶ ሦስት ልጆች ብቻ ያለፉበት ውጤት አስጠኚ ሳይሆን መምህር እንዲቀጠር ሊያስገድድ ይገባው እንደነበር ጻፈች። 31ኛው የመምህር ቁጥር ብቻ ውጤት እንደማይለውጥ፣ የፈተናው አሰጣጥ ጥብቅ መሆኑም መታሰብ እንዳለበት አስገነዘበ። ሁለቱ ከዚህ በኋላ እየተሰዳደቡ ባይሆንም እየተጎነታተሉ ብዙ ጻፉ፤ ያን አልፌዋለሁ።

እኔ በ32ኛው ምላሽ እግረ መንገዴን አንድ ነገር ተናገርሁ። በመሥመራችን ከሚሠሩት መካከል 12ኛ ክፍልን በግል ለመፈተን የሚዘጋጁ ሁለት ልጆች አሉ፤ እሑድ ከሰዓት በኋላ በኪራይ ቤታቸው ኬሚስትሪና ሒሳብ አስጠናቸዋለሁ፣ ክፍያ የለውም፣ ቡና ግን አይቀርም። 33ኛው ይህን ለምን በማመልከቻዬ ላይ እንዳልጻፍሁ ጠየቀ። እንደ ልምድ ይቆጠራል ብዬ አስቤ አላውቅም ነበር፤ አሁንም ማኅተም የሌለው ነገር ይቆጠራል ማለት ይከብደኛል።

34ኛው ለዚህ መልስ ይሆናል። በአንድ የግል ትምህርት ቤት ለብዙ ዓመታት ርእሰ መምህር የነበረ ሰው ነው፤ የቅጥርን ጉዳይ ከወዲያኛው የጠረጴዛ ወገን ያሳየን እርሱ ብቻ ነው። ለአንድ የሳይንስ መምህርነት ከመቶ በላይ ማመልከቻ እንደሚቀርብ፣ ሁሉም አንድ ዐይነት ቅጽ እየገለበጡ ስለሚያመጡ ከሁለተኛው ገጽ በኋላ ዐይን እንደሚደክም፣ የሁለት ዓመት ልምድ የሚለው መስፈርትም አብዛኛውን ጊዜ ክምሩን ለመቀነስ የሚገባ ወንፊት እንጂ የእውነት መለኪያ አለመሆኑን ነገረን። የሚወስነው አሥራ አምስት ደቂቃ የሚሰጠው የማሳያ ትምህርት ነው። በዚያ ሰዓት እርሱ የሚያየው አመልካቹ ስንት ነገር እንደሚያውቅ አይደለም፤ ሰሌዳ ላይ ሲጽፍ ለክፍሉ ጀርባውን ስንት ጊዜ እንደሚሰጥ፣ ኋላ የተቀመጠውን ልጅ ማየት አለማየቱን፣ ተማሪው ሲሳሳት ፊቱ እንዴት እንደሚለዋወጥ ነው። ሁለት የፋብሪካ ልጆችን ከፈረቃ በኋላ እንቅልፍ እየታገላቸው ማስጠናት የቻለ ሰው ከዚህ የሚበልጥ ልምምድ እንደማያስፈልገው ጽፎ፣ እሑዶቼን በግልጽ እንድጽፋቸው አዘዘኝ። ምክር ብሎ ቢጽፈውም ትእዛዝ ነው የሚመስለው።

35ኛው ደስታዬን በመጠኑ አቀዘቀዘው፤ ግን በሚገባ። ውል ስፈርም የምከፈለው አሥር ወር ነው ወይስ አሥራ ሁለት፣ ሐምሌና ነሐሴ ምን ይሆናሉ፣ የጡረታ መዋጮው፣ ማለትም ከእኔ ሰባት ከቀጣሪው አሥራ አንድ በመቶ የሚሆነው፣ በእርግጥ ገቢ ይደረጋል ወይ ብዬ ሳልጠይቅ እንዳልፈርም አሳሰበኝ። በግማሽ ደመወዝ መግባትና በግማሽ ደመወዝ ለአሥር ወር ብቻ መግባት የተለያዩ መሆናቸውን እስከዚያ አላሰብሁትም ነበር።

ከ36ኛ ወዲህ

አዲስ የጻፍሁትን ማመልከቻ፣ እሑዶቼ የተጠቀሱበትን፣ ለሦስት ትምህርት ቤቶች አስገብቼ አንዱ ለማሳያ ትምህርት እንደጠራኝ በ36ኛው አሳወቅሁ። 34ኛው በ37ኛው ምን እንደማስተምር ጠየቀ፤ ለ10ኛ ክፍል ሞል የሚባለውን ጽንሰ ሐሳብ፣ ማለትም እንደ አተም ያለ እጅግ ትንሽ ነገር የሚቆጠርበትን መለኪያ መሆኑን መለስሁለት። ከዚህ በኋላ ስለ መደብ የጻፈ ሰው የለም።

38ኛው ምላሽ የ4ኛዋ መምህርት ነው፤ ሁሉም ሰው ሞልን በደርዘን እንቁላል እንደሚጀምር፣ ልጆቹም ሞልን ትልቅ ደርዘን አድርገው ይዘው እንደሚቀሩ፣ ለምን መመዘን እንዳስፈለገ ግን እንደማይገባቸው አስጠነቀቀችኝ። 39ኛው ጡረተኛው መምህር ናቸው፤ በሲዳማ ቡና ገዥ ፍሬውን ሲቆጥር አይቶ የሚያውቅ ሰው እንደሌለ፣ እርሳቸውም በዘመናቸው ከዚህ ይጀምሩ እንደነበር ጻፉ። ይህን ሳነብ የፋብሪካው መጋዘን ትዝ አለኝ። በ40ኛው እንደገለጽሁት፣ የሸሚዝ ቁልፍ በከረጢት ሲመጣ ማንም አንድ በአንድ አይቆጥረውም፤ መጋዘን ጠባቂው አንድ መቶ ፍሬ ቆጥሮ ይመዝናል፣ ቀጥሎ ከረጢቱን በሙሉ ይመዝንና ያካፍላል፣ ቁጥሩም ይወጣል። የማይቆጠረውን በመመዘን መቁጠር፣ ኬሚስቱ በአተም ላይ የሚያደርገውም ይኸው ነው። ሦስት ዓመት በዚያ መጋዘን በር ሳልፍ ይህን አላስተዋልሁም።

41ኛው ወዲያው ሁለት ስሕተት አገኘብኝ። ቁልፎቹ ሁሉ እኩል ሲሆኑ የአንድ ንጥረ ነገር አተሞች ግን አይሶቶፕ የሚባሉ የተለያየ ክብደት ያላቸው ዐይነቶች ስላሏቸው ክብደታቸው እኩል አለመሆኑን፣ በተጨማሪም በማስታወሻዬ ላይ ሞልን በ12 ግራም ካርቦን-12 መተርጎሜ ጊዜው ያለፈበት መሆኑን አመለከተ፤ ከግንቦት 12 ቀን 2011 ዓ.ም. ጀምሮ ሞል የሚተረጎመው በቁጥሩ በራሱ፣ በ6.02214076 × 10²³ ነው። ሁለተኛውን እርማት ተቀብዬ አስተካክያለሁ። በመጀመሪያው ላይ 4ኛዋ በ42ኛው ምላሽ ተከራከረችልኝ፤ በአሥራ አምስት ደቂቃ አይሶቶፕ የሚያነሣ መምህር ልጆቹን ከነቁልፋቸው ሐይቁ ውስጥ እንደሚጨምራቸው፣ ከተጠየቅሁ ብቻ እንድመልስ መከረችኝ። 41ኛው ልጅ ሁሉ እንደማይጠይቅ፣ ርእሰ መምህሩ ግን ሊጠይቅ እንደሚችል መለሰ። 34ኛው እዚህ ላይ ዝም አለ፤ ዝምታው አላማረኝም።

43ኛው ቁልፉን ከፋብሪካ ይዤ ለመውጣት እንዳላስብ አስጠነቀቀ፤ በር ላይ ፍተሻ መኖሩን እርሱም ያውቃል። አላሰብሁም። ገበያ ውስጥ በረንዳ ላይ ከሚሰፋ ልብስ ሰፊ ሁለት ዐይነት ቁልፍ፣ ትልቅ ጥቁርና ትንሽ ነጭ፣ አንድ አንድ መቶ ፍሬ ገዛሁ፤ ሁለት ያስፈለጉኝ ቁጥራቸው አንድ ሆኖ ክብደታቸው የሚለያይ ሁለት ንጥረ ነገሮች እንዲመስሉልኝ ነው። የሰፈራችን ባለ ሱቅ የቅመም ሚዛኑን እስከ ቅዳሜ አውሶኛል። ትናንት ማታ ስመዝን ጥቁሩ 62 ግራም ሆነ፣ ነጩ 35።

የማሳያው ትምህርት ቅዳሜ ጠዋት በሦስት ሰዓት ነው። የቀረኝ አንድ ጥያቄ ብቻ ሲሆን በ44ኛው ላይ አስፍሬዋለሁ፤ አንድ መቶውን ፍሬ ልጆቹ ራሳቸው እንዲቆጥሩ ላድርግና ሦስት ደቂቃ ይሂድብኝ፣ ወይስ ቆጥሬ በፌስታል ቋጥሬ ልምጣ? 4ኛዋ ይቁጠሩ ብላለች፤ 41ኛው ሦስቱ ደቂቃ አምስት እንደሚሆን ከወዲሁ ነግሮኛል። ጡረተኛው መምህር ገና አልመለሱም፤ የእርሳቸውን እየጠበቅሁ ነው።